ውሃ ሲፈላ ቴርሞሜትሩ ይቆማል፤ ሙቀቱስ የት ይገባል?

ጥያቄ፦ «የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። በቤተ ሙከራ ውሃ ስናፈላ ቴርሞሜትሩ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ደርሶ ቆመ፤ እሳቱን ብንጨምርበትም ንቅንቅ አላለም። አንዲት ተማሪ እሳቱ እየነደደ ሙቀቱ የት እየገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሙቀቱ የውሃውን ቅንጣቶች እያሳበጠና እያቀለለ ወደ ጋዝነት እንደሚለውጣቸው፣ አረፋዎቹም ከውሃው ውስጥ የሚወጣ አየር እንደሆኑ ነገርኳት። መልሱ ግን ለራሴም አላረካኝም። ትክክል ነበርኩ? ወይስ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቶ ነው?»

ምላሽ፦ መልስዎ ትክክል አልነበረም። ስህተቱ በብዙ የክፍል ማስታወሻዎችና ሥዕሎች ውስጥ የሚደጋገም ስለሆነ ከሥሩ ማየቱ ይሻላል። ቅንጣት በሙቀት አያብጥም፣ አይቀልምም። በሚፈላ ውሃ ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚንተከተኩት ትላልቅ አረፋዎች አየር ሳይሆኑ ውሃው ራሱ ናቸው። ቴርሞሜትሩም ምናልባት ጤነኛ ነው፤ እንዴት እንደሚያረጋግጡ ወደ ኋላ እገልጻለሁ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ተማሪዋ ያነሣችው ጥያቄ በመሆኑ አብዛኛው ምላሼ በእርሱ ላይ ያተኩራል።

አስቀድመን እብጠቱን እናንሣ። የውሃ ሞለኪውል በበረዶ፣ በፈሳሽ ውሃና በእንፋሎት ውስጥ ያው ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አቶሞች የተያያዙበት ቅንጣት ነው። ሙቀት ቅንጣቶችን የሚያሳብጥ ቢሆን ኖሮ በረዶ ሲቀልጥ ይዘቱ መጨመር ነበረበት፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። አንድ ሊትር ቦታ የያዘ በረዶ ቀልጦ የሚሰጠው 917 ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ብቻ ነው። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ ሞለኪውል ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር ብቻ ተያይዞ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ መዋቅር ይሠራል፤ ሙቀት ይህን መዋቅር ሲያፈርሰው ሞለኪውሎቹ ወደ ክፍተቱ እየገቡ ይቀራረባሉ። በረዶ በውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የእብጠቱ ማብራሪያ ውሃው ከመፍላቱ በፊት፣ ገና በመቅለጡ ላይ ይወድቃል።

የመቅለሉን ነገር ደግሞ በሚዛን መፈተን ይቻላል። ጥቂት በረዶ በብልቃጥ ውስጥ አድርገው ክዳኑን በጥብቅ ይዝጉና ይመዝኑ፤ በክፍሉ ሙቀት ብቻ ቀልጦ ሲያበቃ መልሰው ይመዝኑ። ከሁለተኛው ምዘና በፊት የብልቃጡን ውጫዊ ገጽ በደረቅ ጨርቅ መጥረግዎን አይርሱ፤ በቀዝቃዛው ብርጭቆ ላይ ከአየር የሚያርፈው ጤዛ ክብደት ስለሚጨምር፣ ሳይጠርጉ ቢመዝኑ ተማሪዎቹ «በረዶ ሲቀልጥ ይከብዳል» የሚል አዲስ ስህተት ይዘው ይሄዳሉ። ከተጠረገ በኋላ ሚዛኑ ያንኑ ቁጥር ያሳያል።

«ታዲያ ብረት ሲሞቅ ይረዝም የለምን?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ይረዝማል፤ አንድ ሜትር የብረት ዘንግ መጠነ ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። የረዘመው ግን አቶሞቹ ስለወፈሩ አይደለም። ጎረቤታም አቶሞችን ከልክ በላይ ማጠጋጋት እጅግ ከባድ ሲሆን ማራራቁ ግን ቀለል ስለሚል፣ በየቦታቸው የሚርገበገቡበት ኃይል ሲበረታ አማካይ ርቀታቸው ወደ መስፋቱ ያደላል። ያበጠው ዘንጉ ነው እንጂ አቶሙ አይደለም። በነገራችን ላይ «ቅንጣት» የሚለው ቃል ለውሃ ሞለኪውልን፣ ለብረት አቶምን፣ ለጨው ደግሞ አዮንን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለውን አቶም) እንደሚያመለክት ለተማሪዎች አንድ ጊዜ በግልጽ መንገሩ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። ግራ የሚያጋባን በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ሙቀት» የሚለውን ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች መጠቀማችን ነው። ሙቀት ከእሳቱ ወደ ውሃው የሚተላለፍ ጉልበት ነው፤ መጠነ ሙቀት ግን ቴርሞሜትሩ የሚያነበው ሲሆን፣ የሚነግረንም ቅንጣቶቹ በአማካይ ምን ያህል የእንቅስቃሴ ጉልበት እንዳላቸው ነው። ወደ ውሃው የሚገባ ጉልበት ሁሉ ቅንጣቶቹን ለማፍጠን ብቻ የሚውል ቢሆን ኖሮ ቴርሞሜትሩ አንድም ጊዜ ባልቆመ ነበር። ይሁንና ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ፤ ከተሳሳቡበት ለማላቀቅ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ድንጋይ ከመሬት አንስቶ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ሰው ጉልበት አውጥቷል፤ ድንጋዩ ግን ከላይ ሆኖ ከበፊቱ ይበልጥ አይንቀሳቀስም። የወጣው ጉልበት አልጠፋም፤ ድንጋዩ ከመሬት በመራቁ ምክንያት እምቅ ጉልበት ሆኖ ተቀምጧል። የሚፈላ ውሃም እንዲሁ ነው፤ ከእሳቱ የሚመጣው ጉልበት በአብዛኛው ሞለኪውሎቹን ከጎረቤቶቻቸው እየነጠለ እምቅ ጉልበት ይሆናል፤ ጥቂቱ ደግሞ እንፋሎቱ ሲሰፋ በዙሪያው ያለውን አየር ገፍቶ ለራሱ ቦታ እንዲያስለቅቅ ይውላል። ከሁለቱ አንዱም በቴርሞሜትር አይነበብም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያስደንቃል። በ100 ዲግሪ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎችና ከላዩ በ100 ዲግሪ የሚወጣው እንፋሎት ሞለኪውሎች አማካይ ፍጥነት አንድ ነው፤ ሁለቱም በሰከንድ ወደ 700 ሜትር ይጠጋል። የጋዙ ቅንጣት ከፈሳሹ ቅንጣት የሚለየው በፍጥነቱ ሳይሆን በነፃነቱ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ሞለኪውል በዚያው ፍጥነት እየተወረወረ ወዲያው ከጎረቤቱ ጋር ይላተማል፣ ይመለሳል፤ በእንፋሎት ውስጥ ያለው ግን ከራሱ መጠን ብዙ እጥፍ የሚሆን ርቀት ሳይነካ ይጓዛል። ስለዚህ «በጋዝ ውስጥ ቅንጣቶች ከፈሳሽ ይልቅ ይፈጥናሉ» የሚለው የተለመደ ዓረፍተ ነገር፣ መጠነ ሙቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ፣ ስህተት ነው።

ቁጥሮቹን ለተማሪዎቹ ማሳየት ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ወደ መለያየቱ የሚገባው ጉልበት ጥቂት አይደለም። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ከ0 ወደ 100 ዲግሪ ለማድረስ 419 ኪሎጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው፤ ኪሎጁል አንድ ሺህ ጁል) ያህል ያስፈልጋል። ያንኑ 100 ዲግሪ የደረሰ ውሃ ሙሉ በሙሉ እንፋሎት ለማድረግ ግን 2,257 ኪሎጁል ይጠይቃል፤ ይህም ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። በአንድ ዓይነት እሳት ከ0 ተነሥቶ እስኪፈላ አሥር ደቂቃ የወሰደ ውሃ፣ ተንኖ እስኪያልቅ ተጨማሪ 54 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በእነዚያ 54 ደቂቃዎች ሁሉ ቴርሞሜትሩ ቆሞ ይቆያል። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ደግሞ 334 ኪሎጁል ነው፤ ያን ያህል ጉልበት የቀለጠውን ውሃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ሊያደርሰው ይችላል። ማቅለጥ ከማትነን ይህን ያህል የሚረክሰው፣ በመቅለጥ ጊዜ ቅንጣቶቹ ሥርዓታቸውን ያፈርሳሉ እንጂ ከጎረቤቶቻቸው ስለማይለያዩ ነው። በትነት ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል ከሁሉም ይላቀቃል።

ይህን ነገር በመለኪያ አስደግፎ ያሳየው ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ ሲሆን፣ በ1760ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በግላስጎው ይሠራ ነበር። በረዶና ወደ በረዶነት የቀረበ ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አስቀምጦ የሚሞቁበትን ጊዜ ሲያነጻጽር፣ ውሃው በግማሽ ሰዓት የደረሰበት መጠነ ሙቀት ላይ ለመድረስ በረዶው ከአሥር ሰዓት በላይ እንደወሰደበት አየ። ወደ በረዶው ገብቶ በቴርሞሜትር የማይታየውን ይህን ሙቀት «ድብቅ ሙቀት» አለው። ስያሜው እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ለተማሪ ግን ስያሜ ማብራሪያ አይሆንም። «ሙቀቱ የት ገባ?» ብላ ለጠየቀች ልጅ «ተደበቀ» ብሎ መመለስ ጥያቄዋን መልሶ መስጠት ነው።

ቴርሞሜትሩ በዚያች ነጥብ ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? በፈሳሽ ውስጥ ሁሉም ሞለኪውሎች እኩል አይፈጥኑም፤ ከአማካዩ እጅግ የሚፈጥኑ ጥቂቶች ምንጊዜም አሉ። ከገጹ አካባቢ ያሉት ፈጣኖች በማንኛውም መጠነ ሙቀት ያመልጣሉ፤ ይህ ትነት ነው፤ እርጥብ ልብስ ሳይፈላ የሚደርቀውም በዚህ መንገድ ነው። ፈጣኖቹ ሲሄዱ የቀሩት አማካይ ጉልበት ስለሚቀንስ ፈሳሹ ይቀዘቅዛል። ፍሌት የሚጀምረው ግን የእንፋሎቱ ግፊት ከውጭው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው፤ ከዚያ በኋላ የእንፋሎት አረፋ በውሃው ሆድ ውስጥ ተፈጥሮ ሳይጨፈለቅ መኖር ይችላል። እሳቱን ቢጨምሩ አረፋው ይበዛል፤ የሚያመልጡት ይበዛሉ፤ የሚያመልጡትም ይዘውት የሚሄዱት ጉልበት በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ ትልቅ እሳት ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል እንጂ ይበልጥ አያሞቀውም።

አረፋዎቹን በጥንቃቄ ከተመለከቷቸው ራሳቸው ይመሰክራሉ። ውሃው ገና ለብ ሲል በብርጭቆው ግድግዳ ላይ የሚለጠፉት ጥቃቅን ነጥቦች በእርግጥም በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ አየር ናቸው፤ በዚህ ረገድ ግማሽ ልክ ነበሩ። ቆየት ሲል ከታች የሚነሡ አረፋዎች ወደ ላይ ጥቂት ከፍ ብለው ድንገት ይጠፋሉ፤ ከላይ ያለው ውሃ ገና ስላልጋለ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ አረፋውም ይጨፈለቃል። ማንቆርቆሪያ ከመፍላቱ በፊት የሚያሰማው እሽታ የእነዚህ አረፋዎች መጨፍለቅ ድምፅ ነው። አየር ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አይጠፉም ነበር። በመጨረሻ አረፋዎቹ እየተለቁ እስከ ገጹ ሲደርሱ ውሃው ይንተከተካል። ልኩንም ያስቡት፦ በክፍል ሙቀት ላይ ያለ አንድ ሊትር ውሃ ያሟሟው አየር ወደ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ ያው አንድ ሊትር ውሃ ተንኖ ሲያልቅ ግን ከ1,600 ሊትር በላይ እንፋሎት ይሆናል። ሃያ ሚሊ ሊትር አየር ድስት ሙሉ ውሃን ለአንድ ሰዓት ሊያንተከትክ አይችልም። አንዳንድ ተማሪዎች ደግሞ አረፋው ተለያይቶ የወጣ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው ይላሉ፤ ውሃ በሙቀት ብቻ እንዲህ የሚከፋፈለው ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ሲሆን፣ ያኔም ጥቂቱ ብቻ ነው።

ስለ 96 ዲግሪው፦ ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባህር ወለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግፊቱ ስለሚቀንስ የመፍላቱ ነጥብ በየ300 ሜትሩ በአንድ ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ትምህርት ቤትዎ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ከሆነ 96 ትክክለኛው ንባብ ነው፤ በ2,400 ሜትር ደግሞ 92 ያህል ይጠብቁ። ግፊቱ በእጥፍ በሚጨምርበት የግፊት ድስት ውስጥ በአንጻሩ ውሃ እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይግላል። ቴርሞሜትሩን ለመፈተን በደንብ የተፈጨ በረዶና ጥቂት ንጹሕ ውሃ ቀላቅለው፣ እያማሰሉ ያንብቡ፤ የበረዶ መቅለጫ ነጥብ በአየር ግፊት ለውጥ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ ስለማያሳይ፣ የትም ቦታ ቢሆኑ 0 ሊያሳይዎ ይገባል። 0ን በትክክል አሳይቶ፣ ያሉበት ከፍታ ግን ከ96 ጋር ካልተስማማ፣ የቴርሞሜትሩ ጫፍ የማፍያውን ታች ወይም ጎን ነክቶ እንዳልነበረ ይመልከቱ፤ ካልነካም ከፍ ባለው ቁጥር ላይ መሣሪያው መሳቱን ይቀበሉ።

ይህ የቅንጣት ሞዴል ወሰን አለው፤ ወሰኑን አለመንገር ሌላ ስህተት ይወልዳል። ቅንጣቶችን እንደ ትናንሽ ኳሶች መሣል በረዶ ለምን እንደሚንሳፈፍ አያስረዳም፤ ለዚያ የሞለኪውሉ ቅርጽና የሚያያዝበት አቅጣጫ ያስፈልጋሉ። መስታወት የተወሰነ መቅለጫ ነጥብ የለውም፤ አቶሞቹ እንደ ፈሳሽ ያለ ሥርዓት የተዘበራረቁ ሆነው እንደ ጠጣር ስለሚጸኑ፣ ሲሞቅ ቀስ እያለ ይለሰልሳል፣ ቴርሞሜትሩም የትም አይቆምም። ውሃ ከ374 ዲግሪና ከ218 እጥፍ ገደማ የአየር ግፊት በላይ ሲሆን በፈሳሽና በጋዝ መካከል ያለው ድንበር ራሱ ይጠፋል። ከሁሉም ይልቅ ግን ተማሪዎች የሚስቱት «የጠጣር ቅንጣት ጠንካራ፣ የፈሳሽ ቅንጣት ፈሳሽ ነው» በማለት ነው። ብቻውን ያለ አንድ ሞለኪውል ጠጣርም፣ ፈሳሽም፣ ጋዝም አይደለም፤ እነዚህ ስሞች የብዙ ቅንጣቶችን አብሮ አኗኗር የሚገልጹ ናቸው።

በክፍል ውስጥ ምን ይበሉ? «ሙቀቱ ትስስሩን ይበጥሳል» የሚለው አገላለጽ ወደ እውነት የቀረበ ቢሆንም፣ ልጆቹ የሚበጠሰው በሞለኪውሉ ውስጥ ያለው የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ትስስር ይመስላቸዋል። ስለዚህ ለዚህ የክፍል ደረጃ የምመክረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ውሃ ሲፈላ ከእሳቱ የሚመጣው ጉልበት ሞለኪውሎቹን ከማፍጠን ይልቅ ከጎረቤቶቻቸው በማለያየት ላይ ይውላል፤ ቴርሞሜትሩ ደግሞ የሚያነበው ፍጥነታቸውን ብቻ ነው። ከዚህ ጋር ሰሌዳ ላይ ያለውን ሥዕል ያርሙ። በሦስቱም ሁኔታዎች ክቦቹን በአንድ መጠን ይሣሉ። የፈሳሹን ክቦች እንደ ጠጣሩ ተጠጋግተው፣ ሥርዓታቸው ብቻ ተዘበራርቆ ያስቀምጡ፤ ብዙ ሥዕሎች ፈሳሹን ግማሽ ባዶ አድርገው ያሳያሉ፣ ይህ ሐሰት ነው። በእንፋሎት ውስጥ በሁለት ጎረቤቶች መካከል ያለው አማካይ ርቀት በፈሳሹ ውስጥ ካለው 12 እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የጋዙ ሣጥን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ክብ ብቻ ቢገባ ይበቃል። ባዶው ቦታም አየር የሞላበት ሳይሆን በእርግጥም ባዶ መሆኑን ይናገሩ።

ከዚያም ሙከራውን ከበረዶ ይጀምሩት። የተፈጨ በረዶ እያማሰሉ በመጠነኛ እሳት ያሙቁ፣ በየግማሽ ደቂቃው ንባቡን ይመዝግቡ፣ እስኪፈላና ከፈላም በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ይቀጥሉ። ተማሪዎቹ በሚሠሩት ግራፍ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ቦታዎች ይወጣሉ፤ ሁለተኛው እንዲረዝም እሳቱን በቶሎ አያጥፉ። ማማሰሉን ከተዉ ግን ከታች ያለው ውሃ በረዶው ሳያልቅ ስለሚሞቅ የመጀመሪያው ጠፍጣፋ መስመር ይበላሻል። በምንም ምክንያት የተከደነ ወይም የተወተፈ ዕቃ እሳት ላይ አይጣዱ፤ ከ1,600 እጥፍ በላይ መስፋት የሚፈልግ እንፋሎት መውጫ ካጣ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ካለዎት ለተማሪ እጅ አይስጡ፤ በአልኮል የሚሠራው ይበቃል፣ ነገር ግን ከ100 ዲግሪ በላይ የሚለካ መሆኑን ከጎኑ ያንብቡ።

በመጨረሻም ሙቀቱ አለመጥፋቱን ለማሳየት፣ ቀዝቃዛ የብረት ማንኪያ በመቆንጠጫ ይዘው ከሚፈላው ውሃ በላይ ያቆዩት፤ ወዲያው የውሃ ነጠብጣብ ይይዛል፣ በጥቂት ሰከንዶችም ለመንካት እስኪያስቸግር ይግላል። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን፣ ለመለያየት የተከፈለው ጉልበት በሙሉ ለማንኪያው ተመልሷል። በእጅ ላይም የሚሆነው ይኸው ነው፦ አንድ ግራም የፈላ ውሃ እስከ ሰውነት ሙቀት ድረስ ሲቀዘቅዝ 260 ጁል ገደማ ሲለቅ፣ አንድ ግራም እንፋሎት ግን ወደ ውሃነት በመመለሱ ብቻ 2,257 ጁል ይለቃል። ስለዚህ ማንኪያውን የሚይዙት እርስዎ ይሁኑ፤ ተማሪዎቹም ከእንፋሎቱ መንገድ ክንድ ያህል ይራቁ። በተለይ ከማንቆርቆሪያው አፍ አጠገብ፣ ነጩ ጉም ከመጀመሩ በፊት፣ ምንም የሌለበት የሚመስለው ስፍራ ላይ እጃቸውን እንዳያስገቡ ይከልክሏቸው፤ ነጩ ጉም ቀዝቅዞ ነጠብጣብ የሆነው ሲሆን፣ እውነተኛው እንፋሎት ያለው በዚያ በማይታየው ቦታ ነው።